ስድስተኛዋ ተቀባይ

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፣ ይህንን አስቀድሜ የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፣ ነገሩን ስትሰሙ «ይቺ ሴትዮ ድሮም ጥላዋን የምትፈራ ናት» እንዳትሉኝ ነው። እውነቴን ነው፣ ልጅ ሆኜ እንኳ ሰፈር ውስጥ ሌሊት ሌሊት ጅብ ይሆናል ስለሚባለው ሰውዬ ሲወራ «ማን አየው?» ብዬ ጠይቄ ጨዋታውን የማበላሽ ዓይነት ነበርኩ፣ ካደግኩ በኋላ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ ድምፅ ማለት ንዝረት እንደሆነ፣ የሚነዝር ነገር ከሌለ ድምፅ እንደሌለ ሳስተምር ኖሬያለሁ። አሁን የምነግራችሁ ነገር በውድቅት ሌሊት የሆነ ቢሆን እንቅልፍ ነው ብዬ እተወው ነበር፣ ግን በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው፣ ቅዳሜ ቀን፣ ስምንት ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ቆመን።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤት ፍለጋ ነው። እኔና ባለቤቴ ኤፍሬም ከተጋባን ጀምሮ ካዛንቺስ ነበር ተከራይተን የምንኖረው፣ አሥራ አራት ዓመት፣ አምስት ቤት፣ ዕቃችንን የሚጭነው የአይሱዙ ሹፌር እንኳ በመጨረሻ ዘመድ ሆኖን ስንደውልለት «ደግሞ ወዴት ነው?» ብሎ ነበር ስልክ የሚያነሳው። ኤፍሬም አንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ስብሰባ ሲሰለቸው ቤት ይስላል፣ ማለቴ የእኛን ቤት፣ ገና የሌለውን፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ወጥ ቤት፣ ደረጃው ሥር የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ሥዕሉን አጣጥፎ በኪሱ ይዞልኝ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ እራት ላይ መስኮት እጨምርበታለሁ፣ በቃ የትዳራችን ግማሹ ይኸው ነበር። የነበርንበት ሰፈር ለልማት ሲነሳ «ስድስተኛ ቤት አንከራይም» ተባባልን፣ ያለንን ሁሉ አሟጠን ቂርቆስ ውስጥ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ገዛን፣ አፍርሰን የራሳችንን ልንሠራበት።

ሻጯ እትዬ አስካለ ይባላሉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ግን ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው፣ ልጃቸው ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ወስዳቸው አሁን እዚያ ነው የሚኖሩት። ቁልፉን ሲያስረክቡን ያለቅሳሉ ብዬ ሶፍት አዘጋጅቼ ነበር፣ አላለቀሱም፣ አንድ ነገር ብቻ ለመኑን፣ ቤቱ የፈረሰ ዕለት እዚያው ዕለት ደውለን እንድንነግራቸው። ሲፈርስ መጥተው ማየት ይፈልጉ እንደሆነ ብጠይቃቸው «የለም ልጄ፣ መፍረሱን ብቻ ልስማ» አሉኝ፣ እኔም የትልቅ ሰው ነገር ብዬ አለፍኩት።

ከማፍረሱ በፊት በነበረው ሳምንት ከሥራ ወጥተን አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሜትር ይዘን ልንለካ ሄድን። ቤቱ ባዶ ነው፣ ቆርቆሮው በየምስማሩ ቀዳዳ ብርሃን ያስገባል፣ ሳሎኑ ውስጥ ሃምሳ የሚሆኑ ቀጫጭን የብርሃን ክሮች በሰያፍ ተወጥረዋል፣ እንዴት እንደሚያምር ልነግራችሁ አልችልም። የሜትሩን ጫፍ ይዤ ቆሜ ሳለ ከጓዳው ጭብጨባ ሰማሁ፣ ቀስ ያለ፣ ሁለቴ፣ ቆም ይልና ደግሞ ሁለቴ፣ ሰው ዘፈን ሊጀምር ሲል እንደሚያጨበጭበው። ሄጄ አየሁ፣ ምንም የለም፣ የላላ ቆርቆሮ ነው ብዬ ተመለስኩ። ስመለስ ግን ከብርሃን ክሮቹ አንዱ ጠፋና መልሶ በራ፣ ቀጥሎ አጠገቡ ያለው፣ ቀጥሎ ሌላው፣ አንድ ሰው በመሃላቸው እየተውረገረገ ሲያልፍ እንደሚሆነው። ጣሪያው ላይ ወፍ እየሄደች ነው አልኩ። እመኑኝ፣ ለሁሉም ነገር ማብራሪያ ማግኘት አያቅተኝም። ኤፍሬም ጎንበስ ብሎ ቁጥር ይጽፍ ስለነበር ምንም አላየም፣ ቀና ሲል ግን ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቀኝ፣ ለካ ሳላውቀው ፈገግ ብያለሁ።

አፍራሾቹን ያገኘልን አንድ አሮጌ ቆርቆሮና እንጨት የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አለቃቸው ጋሽ ወንዴ ይባላሉ፣ ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጺማቸው የነጣ ሰው ናቸው፣ አምስት ሠራተኞች ይዘው ይመጣሉ። እሳቸው ዶማ አይነኩም፣ ግቢው መሃል ቆመው ዘፈን ያወርዳሉ፣ አምስቱ ይቀበላሉ፣ ዶማውና ድጅኖውም በዜማው ምት አብሮ ያርፋል። ያለ ዘፈን ሰው ይጎዳል ነው የሚሉት፣ ሁሉም እኩል ካልመታ ግድግዳው ባልታሰበበት በኩል ይወድቃል። ይህ እንግዲህ ፊዚክስ ነው፣ ወደድኩላቸው። አራት ቀን ይፈጃል አሉን፣ እኛም ክረምቱ ሳይገባ መሠረት ማውጣት ስለነበረብን ከአራት ቀን በላይ የምናባክነው ጊዜ አልነበረንም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀመሩ። እኔ በሩ ጋ ኩርሲ ላይ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርማለሁ፣ ኤፍሬም እንደ ሚዜ ከወዲያ ወዲህ ይላል፣ ጋሽ ወንዴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዘፈኑን አወረዱት፣

«ሻንጣ ሲሸከም፣ ቤት ሲቀይር ኖሮ፣
ባለ ግቢ ሆነ ኤፍሬም ዘንድሮ።»

«እሰይ፣ እሰይ» ብለው አምስቱ ተቀበሉ፣ ዶማው አረፈ፣ ኤፍሬም ደግሞ፣ አሥራ አራት ዓመት አብሬው ስኖር ሲጨፍር አይቼው የማላውቀው ሰው፣ እጁን ዘርግቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገ። ጎረቤት በሩ ላይ ተሰበሰበ፣ አንዲት እናት ከነዘንቢላቸው ከገበያ ሲመለሱ ቆመው እልል አሉ። እኔ ወረቀት ማረሙን ትቼ ማዳመጥ ጀመርኩ፣ ከተቀባዮቹ አንዱ ድምፁ ቀጭንና ጣፋጭ ነው፣ ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ «እሰይ» የምትለዋን ቃል መጨረሻዋ ላይ ሳብ አድርጎ ይተዋታል፣ የትኛው ይሆን ብዬ አንድ በአንድ አፋቸውን ባይ ለመለየት አቃተኝ፣ ሁሉም ጎርናና ጎርናና ይመስሉኛል። ለማንኛውም ሥራው ይበራል፣ አራት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ሙሉ በሙሉ ወርዶ ተደርድሯል፣ ጋሽ ወንዴ ራሳቸው ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ አዩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ኤፍሬም ሽሮና ጥብስ አስመጥቶ ምሳ ቀረበ፣ በጥላ ሥር ተቀመጥን። ጋሽ ወንዴ ሲጎርሱ ቆዩና ዘወር ብለው ያመሰግኑኝ ጀመር። ባለቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ቆመው ከማዘዝ በቀር አያግዙም አሉ፣ «ልጄ፣ አንቺ ባትቀበዪልን ሥራው እንዲህ አይሄድልንም ነበር፣ ድምፅሽ ሰው ያበረታል።»

እኔ ከጠዋት ጀምሮ አፌን አልከፈትኩም ነበር።

ነገርኳቸው። ቀልድ መሰላቸውና ሳቁ፣ ከዚያ ፊቴን አዩት። ካሱ የሚባለው ሠራተኛ፣ ግራ ጆሮው የማይሰማለት ጎልማሳ፣ የሴት ድምፅ በቀኝ ጆሮው ጥርት ብሎ ሲሰማ እንደዋለ ተናገረ፣ ሌላውም እንደዚሁ፣ ኤፍሬምም እኔ መስዬው በልቡ ሲኮራ እንደዋለ አመነ። ጎረቤቶቹ ለምሳ ሄደዋል፣ ግቢው ውስጥ ያለነው ስምንት ብቻ ነን፣ ሴት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። የገደል ማሚቶ ነው አልኩ፣ ድምፅ ግድግዳ ላይ ሲነጥር ቀጥኖ ሊሰማ ይችላል አልኩ፣ ሳስረዳ ግን እኔው ራሴ አላመንኩትም፣ ምክንያቱም ጭቃና ጭድ ድምፅ ይውጣል እንጂ አይመልስም፣ ይህንን በየዓመቱ በፈተና እጠይቃለሁ።

እንደዚያ እያልኩ ሳለ ከጓዳው ተጨበጨበ። ሁለቴ፣ ቆም ብሎ ሁለቴ። ጣሪያ የለም፣ የላላ ቆርቆሮ የለም፣ አራት ግድግዳና ፀሐይ ብቻ ነው ያለው። በበሩ ክፍተት ሁላችንም አየን፣ ከወለሉ አፈር ላይ ትንሽ አቧራ ቡን ትላለች፣ እዚህ፣ ቀጥሎ እዚያ፣ ቀጥሎ እዚህ፣ እግር የሚያርፍበት ይመስል፣ በጭብጨባው ምት። ነፋስ ቢሆን ያነሳው አቧራ ይሽከረከራል፣ ይህኛው ይጨፍር ነበር። ሌላ ቃል የለኝም።

ሁለቱ ሠራተኞች ተነስተው ጃኬታቸውን ከአጥሩ ላይ አወረዱ። ገንዘቡም ይቅርብን አሉ። ጋሽ ወንዴ አልተቆጧቸውም፣ እሳቸውም መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ያኔ የታሰበኝ ምን መሰላችሁ፣ እነዚህ ሰዎች ወጥተው ከሄዱ ወሬው እስከ ማታ ቄራ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ያንን ቤት የሚነካ ሠራተኛ አናገኝም፣ ክረምቱ ይገባል፣ ጣሪያ የሌለው የጭቃ ቤት ይዘን፣ ያለንን ሁሉ ጨርሰን፣ ስድስተኛ ኪራይ ልንፈልግ ነው። ኤፍሬም ሳይነግረኝ በቦርሳው የያዘውን የጠበል ጠርሙስ አወጣና ጓዳው በር ላይ ረጨ፣ ሁላችንም ጠበቅን። ጭብጨባው ቆመ። ከዚያ እንደገና ጀመረ፣ ፈጠን ብሎ፣ ደመቅ ብሎ። ኤፍሬም ወደ እኔ ዞሮ ጠበል ያልጠላ ነገር ክፉ ሊሆን አይችልም አለኝ፣ ይህንን ሲለኝ ግን የጠርሙሱን ክዳን ማግኘት አቅቶት ነበር።

ታዲያ ምን አደረግኩ? እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ያስቀኛልም። ተነሳሁ፣ ግቢው መሃል ጋሽ ወንዴ ሲቆሙበት የዋሉት ቦታ ላይ ቆምኩ፣ በሕይወቴ ሰርግ ላይ እንኳ ዘፍኜ አላውቅም፣ ድምፄ እንደ በር ማጠፊያ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ አወረድኩት፣

«ፊዚክስ አስተምሬ፣ ድምፅን አውቄ ኖሬ፣
ያለ አፍ የወጣ ዜማ ሰማሁ ዛሬ።»

ወንዶቹ አልተቀበሉኝም፣ ሁሉም ደርቀው ቀርተዋል። የተቀበለችኝ እሷ ብቻ ናት። ከጓዳው፣ ብቻዋን፣ ጥርት ብላ «እሰይ፣ እሰይ» አለች፣ መጨረሻዋን ሳብ አድርጋ። ወገኖቼ፣ ያንን ድምፅ እንዴት ልንገራችሁ፣ የሚያስፈራ ነገር ጠብቄ ነበር፣ ግን ልጅ እግር ሴት ናት፣ እየሳቀች ነበር የምትዘፍነው፣ ሳቋ ቃሉ ውስጥ ይሰማል። ፀጉሬ ቆሟል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ በዚያው አፍታ ደግሞ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ሁለተኛ ስንኝ ጨመርኩ፣ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ቤት ይምታ አይምታ እንጃ፣ እሷ ተቀበለች። ሦስተኛው ላይ ካሱ በጎርናና ድምፁ አብሯት ተቀበለ፣ ዶማውን አነሳ፣ ከዚያ ሌላው፣ ጃኬት የያዙትም ጃኬታቸውን መልሰው ሰቀሉ፣ ጋሽ ወንዴ መጥተው ትከሻዬን ነካ አድርገው ቦታቸውን ተረከቡኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሥራ አይባልም፣ ድግስ ነው። ግድግዳው በዶማ ሳይሆን በዜማ የሚወርድ ነበር የሚመስለው፣ ጭቃው ገና ሳይነካ ከማገሩ ይላቀቃል፣ እሷ ደግሞ አንድ ግድግዳ በወደቀ ቁጥር ድምፅዋ ይከፈታል፣ ከፍ ይላል። ጎረቤቶች ተመልሰው መጡ፣ እነሱም የእኔ ድምፅ መሰላቸው፣ እኔም አላረምኳቸውም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቀረው የጓዳው የኋላ ግድግዳ ብቻ ነው። ጋሽ ወንዴ ሁሉንም ራቅ አድርገው አቆሙ፣ የመጨረሻውን ስንኝ አወረዱ፣ አምስቱ በአንድ ላይ ገፉ፣ ግድግዳው ሲዘም ረጅም፣ ደማቅ እልልታ ተሰማ፣ አቧራው ተነሳ፣ ከአቧራው ውስጥ አንድ ሙቀት ያለው ነገር በመሃላችን አልፎ ሄደ፣ ነጠላዬን ከትከሻዬ አነሳው፣ የካሱን ኮፍያ ጣለው፣ ገርበብ ብሎ የነበረው የግቢ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጋሽ ወንዴ አቧራ የለበሰ ፊታቸውን በእጃቸው ጠርገው ሳቁ፣ ሁላችንም ሳቅን፣ ሰክረን የዋልን ነው የምንመስለው፣ የአራት ቀን ሥራ በአንድ ቀን አልቆ።

«ታዲያ አልቀዳችሁትም ወይ?» ብላችሁ ከሆነ፣ ቀድተነዋል። ቅጂው ኤፍሬም ስልክ ላይ አለ። እኔ አወርዳለሁ፣ ከዚያ ተቀባይ መግባት ባለበት ቦታ ላይ ባዶ ነው፣ ነፋስ እንኳ የለም፣ ከዚያ እኔ መልስ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሎኝ እቀጥላለሁ።

ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በቃላችን መሠረት ለእትዬ አስካለ ደወልኩላቸው። ፈረሰ አልኳቸው፣ መረቁኝ። ልተወው አስቤ ነበር፣ ግን ምላሴ አላርፍ አለኝና ከጓዳው ድምፅ ሰምተን እንደነበር፣ ሠራተኞቹ ሊሄዱ እንደነበር ነካ አደረግኩላቸው።

«ደስ ብሏት ነበር?» አሉኝ።

ሴት መሆኗን አልነገርኳቸውም ነበር፣ እመኑኝ፣ ድምፅ ብቻ ነው ያልኩት። አዎ፣ በጣም ደስ ብሏት ነበር አልኳቸው። «ተመስገን፣» አሉ፣ ከዚያ ማን እንደሆነች ስጠይቃቸው ስለ ልጃቸው ቤት ሊፍት መበላሸት ያጫውቱኝ ጀመር፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ሁለቴም በደንብ አብልተውኝ ሊፍቱን አውርተውልኝ ተመልሻለሁ።

ቤታችን አለቀ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ጠዋት ፀሐይ ይገባል፣ ኤፍሬም ከደረጃው ሥር መጻሕፍቱን በቀለም ደርድሯል፣ እኔ እራት ላይ የጨመርኳቸው መስኮቶች ሁሉ ተከፋች ናቸው፣ እሑድ እሑድ ልብስ ለማስጣት ጣሪያው ላይ ስወጣ ያለ ምክንያት ቆሜ እቀራለሁ፣ የራሴ ጣሪያ ላይ መሆኔን ለማጣጣም። አንድም ድምፅ ሰምተን አናውቅም፣ ጸጥ ያለ ቤት ነው። ብቻ አንዳንዴ ኤፍሬም ተኝቶ እኔ ወረቀት ሳርም የማስበው ነገር አለ፣ ሰው የኖረበት ቤት ሲፈርስበት ያዝናል፣ እሷ ያን ያህል የተደሰተችው ለምንድን ነው? እኛ የከፈትነው ምኑን ነው?

ጋሽ ወንዴ በዓል ሲመጣ እየደወሉ እንኳን አደረሳችሁ ይሉናል። ባለፈው እንደ ቀልድ አድርጌ ያቺ ሴትዮ የት ደርሳ ይሆን አልኳቸው። ሳቁብኝ፣ «የት ትሄዳለች ልጄ፣ ከእኛ ጋር ናት እንጂ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባፈረሱበት ቤት ሁሉ እንደምትቀበላቸው፣ አንድ ሰው ጥፍሩ እንኳ ተጎድቶ እንደማያውቅ፣ ሥራ በሥራ እንደሆኑ፣ ስድስት ሆነው ምሳ ሲያዝዙ ለሰባት እንደሚያዝዙ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጨመሩልኝ። አሁን አሁን ቀድማቸው ትጀምራለች። አንድ ቀን ለሌላ ሥራ ሲሄዱ መንገድ ላይ ሰው ከሚኖርበት ቤት ሰሟት፣ ልብስ ተሰጥቶበት፣ ከውስጥ ቴሌቪዥን እየተሰማ። ዝም ብለው አለፉ። ወር ሳይሞላ የዚያ ቤት ባለቤት ደውሎ እንዲያፈርሱለት ጠየቃቸው።

እና በዚህ ሳምንት ትምህርት ቤት አብራኝ የምታስተምረው ሰላም ቄራ አካባቢ አሮጌ ቤት ገዝታ ፊቷ እየበራ መጣች፣ ልክ እንደኛ ልታፈርሰው ነው፣ ደህና አፍራሽ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። የጋሽ ወንዴን ስልክ ሰጠኋት። ጎበዞች ናቸው አልኳት፣ እውነቴን ነው፣ አራት ቀን ያሉሽን በአንድ ቀን ይጨርሱልሻል። ምግብ ማዘጋጀት ስላለባት ስንት ሆነው እንደሚመጡ ጠየቀችኝ።

«ስድስት ናቸው፣» አልኳት። እዚያ ላይ ልተወው ፈልጌ ነበር፣ አልሆነልኝም። «ምሳውን ግን ለሰባት አድርጊው።»

ከመሃላቸው አንዱ በላተኛ መስሏት ሳቀች፣ እኔም አብሬያት ሳቅኩ፣ የእኔ ሳቅ ግን ከእሷ ቀድሞ አለቀ።